ካርዱ ይናገርልሻል

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም ጭምር። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት መጣላቴን ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ከምላሴ ሥር ይዤው እነሣለሁ። ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፣ ጾም ይጨምሩብኛል፣ ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፤ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ቀለል እንዲለኝ አልፈለግሁም። ወይም ይህም ሰበብ ነው፣ ፈርቼ ይሆናል። እኔ ራሴን ለመዳኘት አልታመንም፤ ለምን እንደማልታመን ስታነቡ ይገባችኋል።

እንድጽፍ ያደረገኝ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት የዓይን ሞራ ሊገፈፍልኝ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች ልጅ ስሜን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም፣ የእናቴን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ውስጥ ስገባ አንዲት ነርስ ያንኑ ጠየቀችኝ። ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሌላዋ ደገመችው። ተቆጣሁ። ስንት ጊዜ ነው የምነግራችሁ አልኳት። ልጅቷ ስሜ የተጻፈበትን ቀጭን ወረቀት በእጄ አንጓ ላይ እያሰረች "አባባ፣ በእርስዎ ፈንታ ሌላ ሰው እንዳንነካ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ። ቀዶ ጥገናውን ፈርቼ መስሏት ጀርባዬን አሸት አሸት አደረገችኝ።

ስሜ አበራ ነው። በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳ። ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን መስኮት ነው። ሕመሙና የተሰጠው መድኃኒት የሚጻፍበት ካርድ አወጣለታለሁ፤ ካርዱ በወፍራም ሽፋን ውስጥ ሆኖ በቁጥር ተራ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ታካሚው ቁጥሩ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሲመጣም እሷን ማሳየት አለበት። የኮልፌ ሰው ያቺን ቁራጭ ምን ያደርጋታል? ከቀሚሱ ጋር ያጥባታል፤ ሚጥሚጣ ይቋጥርባታል፤ ልጅ ይጫወትባታል። ቁራጩን ያጣ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። እንዲህ እየሆነ አንድ ሰው አራትና አምስት ካርድ ነበረው፣ አንዱ ላይ የተጻፈውን ሌላው አያውቀውም።

ይህን ላቃና ተነሣሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። አናጢ አስጠርቼ ረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች አሠራሁ። በየሣጥኑ ትንንሽ የስም ካርዶች በፊደል ተራ ደረደርኩ። ቁራጩን ያጣ ሰው ስሙን ብቻ ይነግረኛል፤ በስሙ ቁጥሩን፣ በቁጥሩ ካርዱን አገኛለሁ። የአንድ ሰው ብዙ ካርዶች ደግሞ በአንድ ሽፋን ውስጥ ይዋሃዳሉ። ለውህደቱ ደንብ ጻፍኩ። ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ሳይመሳከር፣ ባለቤቱም ቀርቦ ሳይጠየቅ ሁለት ካርድ አይዋሃድም ይላል። ደንቡን እኔ ጻፍኩት፣ እኔ ፈረምኩበት፣ ግድግዳው ላይ እኔ ለጠፍኩት። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አስኮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ዘመዶቼ ጎጃም ናቸው። ዘመኑም ሰው ከሰው ጋር እንደ ልብ የሚያወራበት አልነበረም፤ ዛሬ አብሮህ የሳቀ ነገ በስብሰባ ላይ ስምህን ያነሣል። በጤና ጣቢያው ውስጥ እኔን እንደ ሰው የምታወራኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የመርፌ ክፍሏ ሲስተር ጥሩነሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኗን ይዛ ካርድ ክፍል ትመጣለች። ከመደርደሪያዎቹ መሀል ቁጭ ብለን እንበላለን። አሠራሬን እያየች ትቀልድብኝ ነበር፤ "አንተ እኮ ሰውን ሳይሆን ሽፋኑን ነው የምትወደው" ትለኛለች። እናቷን ትጦር ነበር፣ አላገባችም። እኔም አላገባሁም ነበር። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልተባለም፤ ግን የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሰዓቴን አይ ነበር። ይህን የምጽፈው ያደረግሁትን በጠላት ላይ እንዳላደረግሁት እንድታውቁት ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ተክሉ ይባል ነበር። ታካሚ የሚያየውም እሱ ነው። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ሊመጡ መሆኑን ነገረኝና ያ አዲሱ አሠራርህ እስከዚያ ያልቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሰዎቹ እስኪመጡና እስኪጠየቁ ጊዜ ይፈልጋል ማለት እችል ነበር። ያልቃል አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሳልጠራ ካርዶቹን ማዋሃድ ጀመርኩ። አሮጌዎቹ ካርዶች ላይ የአያት ስም የለም፤ የእናት ስም የለም፤ ዕድሜውም ግምት ነው። ስምና የአባት ስም ከተመሳሰለ፣ ቀበሌው አንድ ከሆነ፣ ይሄ አንድ ሰው ነው እያልኩ አንዱን ሽፋን እይዛለሁ፣ ሌላውን ሽፋን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እጥላለሁ። ከረጢቱ ሲሞላ የቆሼ መኪና ይወስደዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋጡማ አህመድ የሚል ሁለት ካርድ እጄ ገባ። ቀበሌያቸው አንድ ነው። አንዱ ካርድ ወፍራም ነው። የልብ ሕመም ያለባት ሴት በየወሩ ፔኒሲሊን መርፌ የምትወጋበት፣ የቤት ቁጥሯም በግልጽ የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው ስስ ነው፤ ጉሮሮና ሆድ ቁርጠት ተጽፎበታል፣ የቤት ቁጥር የለውም። ሽፋኑ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ በጥሩነሽ እጅ፣ ፔኒሲሊን አይሰጣት የሚል ተጽፎበታል።

አየሁት። አላየሁትም ብል ይህን ሁሉ ወረቀት ባልፈጀሁ። ቀዩን ጽሕፈት አየሁት፣ አነበብኩት፣ ለአፍታም ቆሜ አሰብኩበት። በየወሩ ይህንኑ መድኃኒት የምትወጋ ሴት እንዴት አይሰጣት ይባላል? አልኩ። ሁለት ሴቶች ቢሆኑስ ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ ቀዩ ጽሕፈት ስሕተት ነው ብዬ ፈረድኩ። እኔ፣ መርፌ ጨብጬ የማላውቅ ሰው። የጻፈችው ነርስ ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ክፍል ውስጥ ነበረች። በሩን አንኳኩቼ ይሄ ምንድን ነው ብላት ምን ይጎድልብኝ ነበር? ስንት ካርድ እንደሚቀረኝ ሳታውቅ በድንገት ጨርሼ ላስደንቃት ፈልጌ ነበር። ስሱን ወረቀት በወፍራሙ ካርድ ጀርባ ሰካሁት። ቀይ የተጻፈበትን ሽፋን ከረጢቱ ውስጥ ጣልኩት። በስም ካርዱም ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ አንዱን ሰረዝኩት።

ጎብኚዎቹ መጡ፣ ሣጥኖቼን እየሳቡ አዩ፣ አጨበጨቡ። ለሌሎች አርአያ ነው ተባለ።

ኅዳር ላይ፣ ማለዳ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን በነጠላ ጠምጥማ መስኮቴ ፊት ቆመች። ማዞሪያው አጠገብ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት፤ ፊቷን በሩቁ አውቀዋለሁ፣ ስሟን ግን አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ተዘግቷል። ቁራጯን ጠየቅኳት፤ ከጠፋች ቆይታለች አለችኝ። ስሟን ጠየቅኳት። ፋጡማ አህመድ አለችኝ። ሣጥኑን ሳብኩ፣ ካርዱን አወጣሁ። ከኋላዋ የተሰለፉት እንዴት ፈጠነ ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም ልናዘዘው፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ካርዱን ባየች ጊዜ ግር አላት። "ወንድሜ፣ የእኔው ላይ ቀይ ተጽፎበት ነበር" አለችኝ።

"አሁን አሠራሩ አዲስ ነው" አልኳት። "አንቺ ምንም ማለት አያስፈልግሽም። ካርዱ ይናገርልሻል።"

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ካራቫት አስሬ፣ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ፣ ስሟን ሰምቼ በአንድ ደቂቃ ካርዷን ያወጣሁ ሰው ነኝ። አላህ ይስጥህ ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያቺን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ መልሼ ለመዋጥ እንደሞከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓድ ተክሉ ጉሮሮዋን አይቶ፣ ካርዱን ገልጦ፣ ፔኒሲሊን አዘዘላት። ትእዛዙን የጻፈው እኔ በየቀኑ ከካርዱ ፊት በማያይዘው ልቅ የዕለት ወረቀት ላይ ነው። መርፌ ክፍል ገባች። ጥሩነሽ ለአዲስ ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ በክንድ ቆዳ ላይ ጥቂት ወግታ ትሞክራለች። ይህቺ ግን በካርዱ ላይ በየወሩ ስትወጋ ዓመታት አልፈዋታል፤ የመጨረሻው መርፌም ያለፈው ወር ነው። የልብ ሕመምተኛዋን ትወጋት የነበረችው ከሰዓት ተረኛዋ ነርስ ስለነበረች ጥሩነሽ መልኳን አታውቀውም፤ ያቺ ነርስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውራለች። ስለዚህ ሳትሞክር ወጋቻት። እኔም ብሆን እወጋት ነበር። ካርዱን ያነበበ ማንም ይወጋት ነበር።

ሴትዮዋ ከመርፌ ክፍሉ ወጥታ አግዳሚው ላይ እንኳ በደንብ አልተቀመጠችም። ጩኸቱን ከመስኮቴ ሰማሁ። ጥሩነሽ አድሬናሊን ይዛ ስትሮጥ አየሁ። ጓድ ተክሉም ሮጠ። ከዚያ ሩጫው ቆመ።

ዘበኛውን ጋሽ ደምሴን ጠርቼ፣ ከካርዱ ላይ የቤት ቁጥሩን ገልብጬ ሰጥቼ፣ ቤተሰቦቿን በዘዴ እንዲያመጣ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያገላብጥ ነበር።

"ጓድ አበራ፣ ሞተች ያልከኝ ሴትዮ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ" አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ምንም ሳላመሳክር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ለጋሽ ደምሴ ቁጥሩን አሳስቼ ገልብጬ ነው አልኩት። ሽንኩርት ቸርቻሪዋን የምታውቅ አንዲት ሴት ከሰልፉ መሀል ቤቷን አሳየችው፤ ባሏ ሸምሱ የልብስ ስፌት መኪናውን ትቶ መጣ። ሁለት ልጆች ነበሯቸው።

ሸምሱ አስከሬኑን ሊወስድ ሲል የሞት ማስረጃ መሙላት ነበረብኝ። ቅጹ ሙሉ ስም ይጠይቃል። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የአያቷን ስም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የእናቷን ስም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። በጥንቃቄ ጻፍኩ፣ ደግሜም አነበብኩለት። በሕይወት ሳለች ያልጠየቅኋትን ከሞተች በኋላ ባሏን ጠየቅሁት። እሱም ሲወጣ እናንተማ የምትችሉትን አድርጋችኋል ብሎ አመሰገነኝ። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ተቀበረች።

ሸምሱ እንደወጣ ጥሩነሽ ወደ ካርድ ክፍል መጣች። ካርዱን ይዛለች። በየወሩ ትወጋለች ይላል፣ እንዴት እንዲህ ይሆናል፣ እስቲ አንተ እየው፣ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ አለችኝ። ካርዱን በእጇ አቀበለችኝ። ምሳ ስንበላ ሳህኑን እንደምታቀብለኝ አድርጋ ሰጠችኝ። አየዋለሁ አልኳት።

እሷ ስትሄድ እቃ ቤት ገባሁ። የቆሼው መኪና ከአብዮቱ በዓል በፊት ጀምሮ ስላልመጣ ከረጢቶቹ እዚያው ነበሩ። ሦስተኛውን ከረጢት ስዘረግፍ ቀዩን ሽፋን አገኘሁት። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ሽፋኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ በትንሿ መስኮት ፀሐይ ይገባ ነበር፤ ጨለማ አሳስቶኛል የምልበት የለኝም። ያን ሽፋን ይዤ ወጥቼ፣ እኔ ነኝ ሁለት ሴቶችን አንድ ያደረግሁት ማለት ነበረብኝ። ዘመኑ ከባድ ነበር፤ ስሕተት አሻጥር የሚባልበት፣ አሻጥር ደግሞ ሰው የሚያሳስርበት፣ የሚያስገድልበት ጊዜ ነበር። ግን ፍርሃቴን ለእናንተ መከላከያ አድርጌ አላቀርብም። ጥሩነሽም በዚያው ዘመን ነበረች። እኔን ያስፈራኝ ሁሉ እሷንም ይጠብቃት ነበር፤ እኔ ግን ለእሷ አልፈራሁም።

ስሱን ወረቀት ከወፍራሙ ካርድ ነቅዬ ቀዩ ሽፋን ውስጥ መለስኩት። የዕለቱን ወረቀት፣ የጓድ ተክሉን ትእዛዝ የያዘውን፣ ከወፍራሙ ላይ አንሥቼ በቀዩ ሽፋን ውስጥ አያያዝኩት። ወፍራሙን ካርድ በቁጥሩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱ ሴቶች እንደገና ሁለት ሆኑ። ማድረግ የነበረብኝን ትክክለኛ ሥራ ሠራሁ፤ አንዷ ከሞተች በኋላ፣ ጥሩነሽን ለማጥፋት።

አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩት። ቀዩን ሽፋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። ጥሩነሽን ይህ የማን ጽሕፈት ነው ብለው ጠየቋት። የእኔ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ክንዷ ላይ ሞክሬ ሲያብጥ የጻፍኩት ነው፣ ግን በዕለቱ የተሰጠኝ ይህ አይደለም፣ ወርኃዊ መርፌ የተጻፈበት ወፍራም ካርድ ነው አለች። ሴትዮዋን ጠይቀሻታል ወይ አሏት። ጠይቄያታለሁ አለች።

"በየወሩ ትወጊያለሽ አይደል ስላት፣ ካርዱ ያውቃል አለችኝ" አለች።

ካርዱ ያውቃል። ያ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጓድ ተክሉን ጠየቁት። ካርዱን በደንብ አላስታውስም፣ መሞከርና ማመሳከር የነርሷ ድርሻ ነው አለ። ያውቅ እንደነበር አላውቅም፤ እሱን የማነሣው ጥፋቴን ለመከፋፈል አይደለም። ጋሽ ደምሴን አልጠሩትም፤ ዘበኛ ማን ይጠይቃል? በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። በዕለቱ ወደ መርፌ ክፍል የገባው ካርድ ይህ ነው ወይ አሉኝ።

አዎ አልኩ።

ጥሩነሽ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው እንደሚፈልግ ፊቴ ላይ ትፈልግ ነበር።

"አበራ፣ ይሄ አይደለም የሰጠኸኝ" አለች።

አንገቴን ደፋሁ። ፍርድ ቤት ቀርባ አራት ዓመት ተፈረደባት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት በየወሩ እየነጋ መስኮቴ ድረስ ይመጣ ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ሁለተኛዋ ፋጡማ፣ የልብ ሕመምተኛዋ፣ በሚቀጥለው ወር ለመርፌዋ መጣች። ጋሽ ደምሴ በሯን ባንኳኳ ማግስት ጎረቤቶቿ እያለቀሱ ግቢዋ ድረስ ገብተው እንደነበር እየሳቀች ነገረችኝ። "ሞቴን ቆሜ ሰማሁ፣ ዕድሜ ይጨምርልኛል" አለች። ወፍራሙን ካርድ አውጥቼ ሰጠኋት። ጥሩነሽ እውነት ለመናገሯ ምስክሯ ያቺ ሴትና ያ ካርድ ነበሩ። እስር ቤቱ ድረስ ይዣቸው ልሄድ እችል ነበር። በየወሩ ልሄድ እችል ነበር። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ካርዱን አውጥቼ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት።

እኔን ኮከብ ሠራተኛ ብለው ሸለሙኝ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሜ እስከ አያቴ ተጽፏል። አሠራሬም ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች እንዲዳረስ ተወሰነና አሠልጣኝ ሆኜ ዞርኩ። ታካሚን በትክክል ስለመለየት አስተማርኩ። ስሙን ሲናገር ተቀበሉ እንጂ ስሙን ነግራችሁት አዎ አታሰኙት እል ነበር። ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ የጻፉትን መልሶ ማንበብ እል ነበር። ሣጥን ምንም ቢያምር ሰውየውን አያውቀውም፣ የሚያውቀው ራሱ ነውና ሲናገር ዝም አታሰኙት እል ነበር። አንድ ሠልጣኝ ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ከሥራ አልኩት። ያስተማርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ በዚያም የተረፈ ሰው ይኖር ይሆናል። ይህንን በሚዛኔ ሌላኛው ወገን ላይ አስቀምጬ ራሴን ላጽናና ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሸምሱ በማዞሪያው ሲያልፍ፣ ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ ሳየው፣ ሚዛኑ ይሰበራል።

ምሳዬን ብቻዬን መብላት ለመድኩ። የእሷ በርጩማ ከመደርደሪያዎቹ መሀል እንደነበረ ቀረ። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ደስ ስለማይለኝ ወረቀት እቆልልበት ነበር። ላግባ ብዬ ያሰብኩበት ጊዜም ነበር። ግን ሚስት ማለት አንድ ቀን ምን ሆነሃል ብላ የምትጠይቅ ሰው ናት። ፈራሁ። ይኸው አርጅቻለሁ፤ አስኮ ያችው ሠፈር ነኝ፤ ምን ሆነሃል የሚለኝም የለም።

ጥሩነሽ ከተፈታች በኋላ አንድ ጊዜ አየኋት። ያው ደርግ ሳይወድቅ ነው። ሰልፉ ውስጥ ቆማ አየኋት። ከስታለች፤ ታስል ነበር። ወደ ነርስነቷ አልመለሷትም። ተራዋ እስኪደርስ ከፊቷ የነበሩትን አምስት ሰዎች እንዴት እንዳስተናገድኳቸው አላውቅም። መስኮቴ ፊት ስትቆም ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ጥሩነሽ ማለት እንኳ ነበረብኝ።

"ስም?" አልኳት።

ቀስ ብላ፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚናገሩ አድርጋ፣ ስሟን ነገረችኝ። ሳልጠይቃት የአባቷን ነገረችኝ። ሳልጠይቃት የአያቷን ነገረችኝ። የእናቷን ስም፣ ቀበሌዋን፣ የቤት ቁጥሯን ነገረችኝ። ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተዛነፉብኝ።

"አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለችና ካርዷን ይዛ ገባች። ዳግመኛ አልመጣችም። ከጊዜ በኋላ ሠፈር ቀይራለች ሲሉ ሰማሁ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። አልፈለግኋትም ብል ይሻላል፤ ፈልጌያታለሁ ማለት ሌላ ውሸት መጨመር ነው።

ጡረታ ስወጣ ከሣጥኑ አንዲት የስም ካርድ ሰርቄ ወጣሁ። በእጄ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን የጻፍኩባት፣ አንዱን የሰረዝኩባት ናት። ከዚህ ጽሑፍ ጋር አስቀምጫታለሁ። የጥሩነሽ ወገን የሆነ ሰው ይህን ካነበበ፣ እውነት የተናገረችው እሷ እንደነበረች፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ በእጄ ጽሕፈት ይመስክርላት። ለአንቺ፣ ጥሩነሽ፣ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታ ብጠይቅሽ ዛሬም የምፈልገው ለራሴ ነው። ቃልሽን ብቻ እመልስልሻለሁ፤ የሰጠሁሽ ካርድ ያ አልነበረም።

ለሞተችውም ምንም የምመልስላት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ያን ጠዋት ሰልፉን ሳላስቆም ልጠይቃት እችል የነበረው፣ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ። ዛሬ ያለ ጠያቂ ልጻፈው። ስሟ ፋጡማ፣ አባቷ አህመድ፣ አያቷ ኑርዬ፣ እናቷ ዘሐራ። የምትኖረው ከማዞሪያው ኋላ፣ ከልብስ ሰፊው ሸምሱ ቤት። ፔኒሲሊን አይስማማትም። ነግራኝ ነበር።